ኤሌክትሪክ ሆኖ የመጣው መልእክት ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ለምን ኬሚካል ይሆናል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የነርቭ መልእክት ኤሌክትሪክ ነው ተብለን ተምረናል። ታዲያ ሰውነታችን ውስጥ ባትሪው የት አለ? ሽቦውስ? ደግሞ አንዱ ነርቭ ሴል ከሌላው ጋር አይነካካም፣ መሃል ላይ ክፍተት አለ፣ እዚያ ሲደርስ መልእክቱ ወደ ኬሚካል ይቀየራል ይላሉ። በኤሌክትሪክ የመጣን ነገር ኬሚካል ማድረግ ለምን አስፈለገ? ቀጥታ ቢገናኙ አይፈጥንም ነበር?»

ይፈጥን ነበር፣ ጠያቂዬ። ጥርጣሬዎ ልክ ነው። አንዷን ክፍተት ለመሻገር ብቻ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሰከንድ ይሄዳል። ሚሊሰከንድ የሰከንድ ሺኛ ክፍል ስለሆነች ትንሽ ትመስላለች። ግን አንጎል ውስጥ አንድ መልእክት የሚሻገረው ብዙ ክፍተት ነው፤ መዘግየቱ ይደማመራል። ይህ ሁሉ ዋጋ ለምን ይከፈላል? የጥያቄዎ ልብ ይህ ይመስለኛል። እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን «ኤሌክትሪክ» የሚለውን ቃል እናጥራው። ለብዙ ዓመት ሳስተምር ያየሁት፣ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው።

የእግር ጣትዎ ከአልጋው እግር ጋር ሲጋጭ ልብ ብለው ያውቃሉ? ሕመሙ የሚመጣው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ስለታም፣ ቁርጥ ያለ ሕመም ይመጣል። ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ደግሞ ያ ጠዝጣዛው፣ የሚያቃጥለው፣ ቶሎ የማይለቀው ይከተላል። የተመታው አንዴ ነው። ግን መልእክቱን ይዘው የሚሄዱት ሁለት ዓይነት የነርቭ ክሮች ናቸው። ፈጣኖቹ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳሉ። ቀርፋፎቹ በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ። ከእግር ጣት እስከ ጀርባ ያለው ርቀት አንድ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሕመም አንድ ሰከንድ ያህል ይዘገያል ማለት ነው።

አስቡት፣ ሽቦ ውስጥ የሚሄድ የኤሌክትሪክ መልእክት በሰከንድ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይምዘገዘጋል። በሰከንድ አንድ ሜትር የሰው እርምጃ ነው። ስለዚህ ነርቭ ሽቦ ሊሆን አይችልም። ይህን መጀመሪያ በልኬት ያሳየው ጀርመናዊው ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። በ1850 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለካና በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ አገኘ። የገዛ መምህሩ ዮሐንስ ሙለር ፍጥነቱ በጭራሽ ሊለካ አይችልም ብሎ ያምን ነበር። ቀርፋፋ መሆኑ የታወቀ ዕለት ጥያቄው ተቀየረ። ሽቦ ካልሆነ ምንድን ነው?

መልሱ የሚጀምረው ከጨው ነው።

ሽቦ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ኤሌክትሮን ነው። ነርቭ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት አዮኖች ናቸው፤ ማለትም ውኃ ውስጥ ሟምተው ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ቻርጅ የያዙ የጨው ቅንጣቶች። ዋና ተዋናዮቹ ሶዲየምና ፖታሺየም ናቸው። ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው። ሶዲየም ከሴሉ ውጭ ይበዛል፣ ከውስጡ አሥር እጥፍ ያህል። ፖታሺየም ደግሞ ውስጥ ይበዛል፣ ከውጭው ሠላሳ እጥፍ ገደማ። ይህ ልዩነት በራሱ አልመጣም። በሴሉ ሽፋን ላይ የተተከለ ፓምፕ አለ። በአንድ ዙር ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ ይጥላል፣ ሁለት ፖታሺየም ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ለዚህም ኤቲፒ ከሚባለው የሴሉ የጉልበት ሞለኪውል አንድ ይበላል። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ይህን ፓምፕ በ1957 ይፋ አደረገ፤ የኖቤል ሽልማቱ የደረሰው ከ40 ዓመት በኋላ በ1997 ነው። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ጉልበታችንን 20 በመቶ ገደማ የሚበላው፣ በአብዛኛው አዮኖቹን ወደየቦታቸው ለመመለስ ነው። ምንም ሳናስብ ጋደም ባልንበት ሰዓትም ፓምፑ አያርፍም።

«ባትሪው የት አለ?» ላሉት፣ ባትሪው ይህ ልዩነት ነው። እያንዳንዱ ነርቭ ሴል የራሱ አለው።

ልዩነቱ እንዴት ቮልት ይሆናል? የሴሉ ሽፋን ቅባት ስለሆነ አዮን አያሳልፍም። ማለፊያው ፕሮቲን የሠራቸው ጠባብ በሮች ብቻ ናቸው፤ ቻናል እንላቸዋለን። ሴሉ ሲያርፍ ክፍት ሆነው የሚቆዩት ባመዛኙ የፖታሺየም በሮች ናቸው። ፖታሺየም ውስጥ ስለተጨናነቀ ወደ ውጭ ይሾልካል። ሲወጣ ፖዘቲቭ ቻርጁን ይዞ ይወጣል። ውስጡ እየጎደለበት ኔጌቲቭ ይሆናል። ኔጌቲቩ ደግሞ ፖታሺየሙን መልሶ ይስበዋል። መሾለኩና መሳቡ የሚመጣጠኑበት ቦታ አለ። ትንሽ ሶዲየም ወደ ውስጥ ስለሚያንጠባጥብ ሚዛኑ ትንሽ ከፍ ይልና ከዜሮ በታች 70 ሚሊቮልት አካባቢ ላይ ይቆማል።

70 ሚሊቮልት ከእጅ ባትሪ ድንጋይ ሃያ አንደኛው ያህል ነው። ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን የሴሉ ሽፋን ውፍረት 5 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያን ቮልት በዚያ ስስ ሽፋን ላይ ሲያሰሉት በአንድ ሜትር 14 ሚሊዮን ቮልት ይመጣል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳሰላው ስህተት የሠራሁ መስሎኝ ደጋግሜ አየሁት። ልክ ነው። በእያንዳንዷ ሴላችን ሽፋን ላይ የዚህ ዓይነት ውጥረት አለ። ነርቭ ሴል የሚለየው ውጥረቱን ለሥራ ማዋል መቻሉ ነው።

አሁን ወደ መልእክቱ ራሱ እንምጣ። ሽፋኑ ላይ ሌላ ዓይነት የሶዲየም በር አለ። ይህ በር ቮልት ይሰማዋል። በእረፍት ጊዜ ዝግ ነው። አንድ ነገር የሴሉን ውስጥ ትንሽ ወደ ላይ ቢገፋው፣ ከ70 ወደ 55 ሚሊቮልት ከዜሮ በታች ቢያደርሰው፣ በሮቹ መከፈት ይጀምራሉ። ይህን ነጥብ ደፍ ልንለው እንችላለን። ደፉ ሳይደረስ ከቀረ ነገሩ ረግቦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ደፉ ከታለፈ ግን መመለስ የለም። የተከፈተው በር ሶዲየም ያስገባል። የገባው ሶዲየም ውስጡን ይበልጥ ፖዘቲቭ ያደርገዋል። ያ ደግሞ ተጨማሪ በር ይከፍታል። አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ከሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቮልቱ ዜሮን አልፎ ከዜሮ በላይ 30 ወይም 40 ሚሊቮልት ይደርሳል።

እዚያ ጫፍ ላይ ሁለት ነገር ይሆናል። የሶዲየሙ በር ሁለተኛ መዝጊያ አለው፤ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይወትፈዋል። በዚያው ሰዓት ዘገምተኛ የሆኑት የፖታሺየም በሮች ተከፍተው ፖታሺየም ወደ ውጭ ይጎርፋል። ውስጡ እንደገና ኔጌቲቭ ይሆናል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወይም ሁለት ሚሊሰከንድ ነው። አክሽን ፖቴንሻል የሚባለው ይህ ነው፤ እኔ እዚህ ምት እለዋለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ፈተና ላይ ተማሪ በየዓመቱ የሚወድቅበት ነው። ከምቱ በኋላ ቮልቱን ወደ እረፍት የሚመልሰው ፓምፑ አይደለም። ፓምፑ ለዚህ በጣም ቀርፋፋ ነው። የሚመልሱት የፖታሺየም በሮች ናቸው። ደግሞም አንድ ምት ሲያልፍ የሚገባና የሚወጣው አዮን እጅግ ጥቂት ነው። ትልቅ የስኩዊድ አክሶን (ከነርቭ ሴል የሚወጣው ረጅም ክር) ላይ በአንድ ምት የሚወጣው ፖታሺየም ውስጥ ካለው ሚሊዮንኛው ገደማ ነው። ፓምፑን በመርዝ ቢያቆሙት እንኳ ያ አክሶን ለረጅም ጊዜ መተኮሱን ይቀጥላል። የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ላይ ሶዲየምና ፖታሺየም ሙሉ በሙሉ ቦታ የተቀያየሩ የሚመስለው፣ ሥዕሉ ጥቂቱን አዮን አብዝቶ ስለሚያሳይ ነው።

ስኩዊድን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ሁሉ ያወቅነው በእርሱ ነው። ስኩዊድ ከአደጋ ሲያመልጥ ሰውነቱን አኮማትሮ ውኃ የሚተፋ የባሕር እንስሳ ነው። ለዚያ የሚጠቀምበት አክሶን እስከ አንድ ሚሊሜትር ይወፍራል። በዓይን ይታያል። አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ በ1939 ነሐሴ ላይ በእንግሊዝ ፕሊመዝ ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ በዚህ አክሶን ውስጥ አስገብተው ቮልቱን ከውስጥ ለኩ። ብዙዎች ሲመታ ዜሮ ላይ ደርሶ ይቆማል ብለው ይጠብቁ ነበር። እነርሱ ግን ዜሮን ተሻግሮ ፖዘቲቭ ሲሆን አዩ። ወዲያው ጦርነቱ ተጀመረና ሥራው ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው የበሮቹን ጠባይ በሂሳብ ቀመር አስቀመጡ፤ በ1952 አሳተሙት። ሃክስሊ ቀመሩን ያሰላው በእጅ በሚዞር የሂሳብ ማሽን ነበር። ያኔ በሮቹን ማንም አላያቸውም። ቅርጻቸው በግልጽ መታየት የጀመረው በ1998 ሮደሪክ ማኪኖን የአንድ ፖታሺየም ቻናል መዋቅር ሲያወጣ ነው። ሳያዩ በልኬት ብቻ ያን ያህል መቅረባቸው እስካሁን ያስደንቀኛል።

ምቱ እንዴት ይጓዛል? የአክሶን ውስጥ ጨዋማ ፈሳሽ ነው፤ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው በጭንቅ ነው። ሽፋኑም ያፈሳል። ቀጭን አክሶን ላይ ቮልት አንድ ሁለት ሚሊሜትር ሳይሄድ ይከስማል። ስለዚህ መልእክቱ እንደ ዕቃ ተሸክመውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ምት ሲነሳ ጎረቤቱን ደፍ ያሻግረዋል። ጎረቤቱ በራሱ ባትሪ፣ በራሱ በሮች አዲስ ምት ይሠራል። እርሱም ቀጣዩን ይቀሰቅሳል። ደረቅ ሣር ላይ እንደተያያዘ እሳት ነው። እሳቱን ማዶ የሚያደርሰው መጀመሪያ የተጫረው ክብሪት አይደለም፤ በየመንገዱ ያለው ሣር ነው። ለዚህ ነው ምቱ አንድ ሜትር ሄዶም ሲደርስ እንደተነሳበት ጊዜ ሙሉ የሆነው። ወደ ኋላም አይመለስም፤ ከኋላው ያሉት የሶዲየም በሮች ገና እንደተወተፉ ናቸው። እሳት ባቃጠለው ሣር ላይ ተመልሶ አይሄድም። ልዩነቱ የነርቩ ሣር በጥቂት ሚሊሰከንድ እንደገና መብቀሉ ነው።

ይህን በየእርምጃው ማድረግ ጊዜ ይፈጃል። ፈጣን ነርቮች መላ አላቸው። ማየሊን የሚባል የቅባት መጠቅለያ ይጠመጠምባቸዋል፣ በየመሃሉ ጥቃቅን ክፍት ቦታ እየተተወ። ምቱ እንደ አዲስ የሚሠራው ክፍቶቹ ላይ ብቻ ስለሆነ እየዘለለ ይሄዳል ይባላል። በዚህ መንገድ በሰከንድ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደረሳል። መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው በሽታ የሰውነት መከላከያ ይህን መጠቅለያ ያጠቃል፤ ምቱ መሃል መንገድ ላይ ይዘገያል ወይም ይጠፋል። ጥርስ ሲነቀል የሚወጉት ማደንዘዣ ደግሞ የሶዲየም በሮችን ይዘጋል። ነርቩ አልሞተም፣ ጥርሱም አልተለወጠም። በር ስለተዘጋ ብቻ ምት አልተነሳም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይመጣል፣ ወደ ጥያቄዎ የሚወስደንም እርሱ ነው። ምት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ደፉ ከታለፈ ሙሉ፣ ካልታለፈ ምንም። ቀላል ንክኪና ከባድ ምታት የሚለያዩት በምቶቹ ቁመት ሳይሆን በሰከንድ ስንት ምት እንደተላከ ነው። ይህን ኤድጋር አድሪያን በ1920ዎቹ አሳይቷል። ምት ለርቀት የተሠራ ነው፤ ሳይጎድል ሳይጨመር ይደርሳል። ነገር ግን ምት ብቻውን አይመዝንም። «አዎ» ማለት እንጂ «አይ» ማለት አያውቅም። ሁሉም ነርቭ ሴሎች ቀጥታ ቢያያዙ ኖሮ አንዱ የተኮሰው ሁሉንም እያስተኮሰ አንጎል በሙሉ በአንድ ነበልባል ይያያዝ ነበር።

ክፍተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሲናፕስ የሚለውን ስም ቻርልስ ሸሪንግተን ያወጣው በ1897 ነው። ስፋቱ 20 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የፀጉር ውፍረት ብዙ ሺህ እጥፉ ይሆናል። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል ነርቭ ሴሎች የተለያዩ ናቸው ሲል፣ ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ሁሉም አንድ የተያያዘ መረብ ነው ይል ነበር። በ1906 ኖቤልን አብረው ወሰዱ፣ እዚያው መድረክ ላይም አልተስማሙም። ክፍተቱ በዓይን የተረጋገጠው በ1950ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው።

«ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ለምን አይዘልለውም?» ይሉ ይሆናል። ክፍተቱ ጨዋማ ፈሳሽ የሞላበት ነው። ከነርቩ ጫፍ የወጣ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚቀጥለውን ሴል ቅባታም ሽፋን ሰብሮ ከመግባት ይልቅ በቀላሉ መንገድ ወደ ጎን ይፈስሳል። የሚቀጥለው ሴል ትልቅ የጡንቻ ክር ከሆነ ደግሞ ያቺ ቀጭን የነርቭ ጫፍ የምትሰጠው ጅረት እርሱን ለማንቀሳቀስ አይበቃም።

ኬሚካል መሆኑን ያሳየው ኦቶ ሎዊ ነው፣ በ1921፣ ኦስትሪያ ግራትዝ ውስጥ። ሐሳቡ በሕልም እንደመጣለት ራሱ ተናግሯል። ሌሊት ነቅቶ ወረቀት ላይ ጫጫረው፤ ጠዋት ግን የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አልቻለም። በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ሲመለስለት ቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን ፈሳሽ ውስጥ አስቀመጠ። የአንደኛውን ልብ ቬገስ የተባለ ነርቭ ሲያነቃ ያ ልብ ቀዘቀዘ፣ ማለትም አመታቱ ዘገየ፤ ይህ ቀድሞም ይታወቃል። ከዚያ ፈሳሹን ብቻ ወስዶ ወደ ሁለተኛው ልብ ጨመረ። ሁለተኛውም ምንም ነርቭ ሳይነካው ቀዘቀዘ። ከነርቩ ጫፍ አንድ ነገር ወደ ፈሳሹ ወጥቷል ማለት ነው። ያ ነገር አሴቲልኮሊን ሆኖ ተገኘ።

አሁን ዝርዝሩን እንየው። ምቱ የአክሶኑ ጫፍ ሲደርስ እዚያ የሚጠብቁት የካልሲየም በሮች ናቸው። ካልሲየም ከሴሉ ውጭ ከውስጡ አሥር ሺህ እጥፍ ያህል ይበዛል። ስለዚህ በሮቹ ለቅጽበት እንኳ ሲከፈቱ በኃይል ይገባል። ጫፉ ውስጥ በኬሚካል የተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ሽፋኑን ተጠግተው ተደርድረዋል። ከረጢቱን ከሽፋኑ ጋር እንደ ተጠማዘዘ ገመድ አጥብቀው የያዙ ፕሮቲኖች አሉ። ሌላ ፕሮቲን ካልሲየም ሲይዝ ለእነርሱ ምልክት ይሰጣል፤ ከረጢቱ ከሽፋኑ ጋር ይዋሃድና ይዘቱን ወደ ክፍተቱ ያፈስሳል። እያንዳንዱ ከረጢት ሺዎች ሞለኪውሎች ይዟል። በርናርድ ካትዝና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ እንዳሳዩት ልቀቱ በከረጢት ልክ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እንጂ አንድ ተኩል የለም።

የእነዚያ ገመድ መሰል ፕሮቲኖች ዋጋ የሚገባን ሲቆረጡ ነው። ቦቱሊነም የሚባለው የባክቴሪያ መርዝ ወደ ጡንቻ በሚሄዱ ነርቮች ጫፍ ላይ ይቆርጣቸዋል። አሴቲልኮሊን አይለቀቅም፣ ጡንቻው ይዝላል፣ መተንፈስ እስኪያቅት ሊደርስ ይችላል። የቴታነስ መርዝም ከእነዚያው ፕሮቲኖች አንዱን ይቆርጣል። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሰውነት ይገተራል፣ መንጋጋ ይቆለፋል። ለምን? ቴታነስ በነርቩ ውስጥ ወደ አከርካሪ ውስጥ ወጥቶ የሚቆርጠው ጡንቻን «ረጋ በል» የሚሉትን ነርቮች ነው። አንድ ዓይነት ቁርጥ፣ ሁለት ዓይነት ሞት። «አይ» የሚል ሲናፕስ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

የተለቀቀው ኬሚካል ክፍተቱን በቅጽበት ይሻገራል። ማዶ ላይ የሚጠብቁት ሪሴፕተሮች የሚባሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው። እዚህ ላይ ነው የጥያቄዎ መልስ ያለው። ኬሚካሉ በራሱ ምንም ትርጉም የለውም። ትርጉሙን የሚሰጠው ተቀባዩ ነው። አሴቲልኮሊን የእጅ ጡንቻ ላይ ሲያርፍ ጡንቻውን ያኮማትራል። ያው አሴቲልኮሊን ልብ ላይ ሲያርፍ ልብን ያቀዘቅዛል። ተቀባዩ የሶዲየም በር ከከፈተ ሴሉ ወደ ደፉ ይጠጋል። ኔጌቲቭ አዮን የሆነውን የክሎራይድ በር ከከፈተ ሴሉ ከደፉ ይርቃል ወይም ባለበት ይያዛል። አንጎል ውስጥ በብዛት የሚያነቃው ግሉታሜት ነው፣ በብዛት የሚያረጋው ጋባ ነው። ሌሎች ተቀባዮች ደግሞ በር አይከፍቱም፤ ሴሉ ውስጥ ቀስ ያለ የኬሚካል ሰንሰለት አስነስተው ለሰከንዶችና ለደቂቃዎች ጠባዩን ይለውጡታል። ዶፓሚን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ቀጥታ ሽቦ ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ አይችልም።

ኬሚካሉ ሥራውን ሲጨርስ መጠረግ አለበት፤ አለዚያ ቀጣዩ መልእክት አይሰማም። አሴቲልኮሊንን እዚያው ክፍተቱ ውስጥ የሚሰባብር ኤንዛይም አለ። አንዳንድ የነፍሳት ማጥፊያ መርዞች የሚገድሉት ይህን ኤንዛይም በማሰር ነው፤ ለዚህ ነው ለሰውም አደገኛ የሆኑት። ግሉታሜት፣ ዶፓሚን፣ ሴሮቶኒን ግን ተመልሰው ይመጠጣሉ። ለድባቴ በብዛት የሚታዘዙት መድኃኒቶች የሴሮቶኒንን መመጠጥ ያዘገያሉ።

ቀጥታ የሚነካኩ ነርቭ ሴሎችስ የሉም? አሉ። በ1959 ፈርሽፓንና ፖተር ሸርጣን መሰሉ ክሬይፊሽ በሚያመልጥበት ነርቭ ላይ አሳይተውታል። ሁለቱ ሴሎች በጥቃቅን ቱቦዎች ይያያዛሉ፤ ጅረቱ ያለ መዘግየት ያልፋል። በሰው አንጎልም አሉ፣ በተለይ ብዙ ሴሎች በአንድ ላይ መምታት በሚፈልጉበት ቦታ። ስለዚህ ፈጣኑ መንገድ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። ፍጥነት ብቻ በሚበቃበት ቦታ ላይ አለ። ማመዛዘን በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ኬሚካሉ ያሸንፋል።

ማመዛዘኑ ራሱ እንዴት ነው? አንድ የአንጎል ሴል ላይ ሺዎች ሲናፕሶች ያርፋሉ። የእያንዳንዱ ግፊት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊቮልት ያነሰ ነው። አንዱ ብቻውን ደፉን አያሻግርም። ገፊዎቹና ያዦቹ ሴሉ ላይ ይደማመራሉ፣ ይቀናነሳሉ። ድምሩ የሚታየው አክሶኑ በሚነሳበት ሥር ላይ ነው፤ የሶዲየም በሮች እዚያ ተጨናንቀው ስለሚገኙ ደፉ ዝቅተኛ ነው። ድምሩ ደፉን ካለፈ ምት ይነሳል፣ ካላለፈ ዝም። የእያንዳንዱ ሲናፕስ ጉልበትም የተቆረጠ አይደለም። ብሊስና ለሞ በ1973 የጥንቸል አንጎል ላይ እንዳሳዩት፣ አንድ መንገድ ለአጭር ጊዜ ደጋግሞ በፍጥነት ከተነቃ ሲናፕሶቹ ለሰዓታትና ከዚያም በላይ ይበረታሉ። ስንማር አንጎል ውስጥ የሚለወጠው ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ወደ አልጋው እግር ልመልስዎት። ጣትዎ ሲመታ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው? ይዘው ያሹታል። ማንም አላስተማረዎትም። ንክኪን የሚሸከሙት ነርቮች ወፍራምና በማየሊን የተጠቀለሉ ናቸው፤ በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ሲያሹት የእነርሱ ምት አከርካሪ ውስጥ ገብቶ «አይ» የሚሉ ትንንሽ ነርቭ ሴሎችን ያነቃል። እነዚያ ደግሞ ጋባና ግላይሲን የሚባሉ አርጊ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፣ የሕመሙን መልእክት ወደ አንጎል በሚያስተላልፈው ሴል ላይ። መልዛክና ዎል በ1965 ይህን ሐሳብ ሲያቀርቡ የአከርካሪው በር ብለው ነበር የገለጹት፤ ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ መሠረቱ ግን እስካሁን ጸንቷል። ከተጎዳው ጣት የሚነሳው ምት አልቀነሰም። እዚያው አንዷ ክፍተት ጋ ሲደርስ ግን የሚጠብቀው ሴል ከደፉ ርቆ ተይዟል፤ ጠዝጣዛው ሕመም ለጊዜው ጋብ ይልልዎታል።